ክላሲክ 250 ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ቢኤምደብልዩ፣ ኤንኤስዩ፣ ኤምዜድ፣ ሆንዳ ወይስ ቬሎሴት?

አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ቅዳሜና እሁድ ረጅም መንገድ መውጣት ያማራችሁ፣ በተለይ ጀርመንና እንግሊዝ የምትኖሩ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። የሽያጭ ማስታወቂያ ከፍታችሁ ክላሲክ 250 (250 ሲሲ አካባቢ የሆነ አሮጌ ሞተር) ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣው ነገር ጭንቅላት ያዞራል። አንዱ ሻጭ ሰንሰለት የለውም ብሎ ይጀምራል። ሌላው ካሙ (ቫልቮላ የሚከፍተው ክፍል) ሲሊንደሩ አናት ላይ ነው ብሎ ዋጋ ይቆልላል። ሦስተኛው በርካሽ ይሸጣል፣ ግን ሞተሩ ያጨሳል። እንደ ሰዓት ይሠራል የማይል ሻጭ ግን የለም።

ስም ማወደሱን ትተን እንነጋገር። አምስት መርጫለሁ፦ ቢኤምደብልዩ አር27፣ ኤንኤስዩ ማክስ፣ ኤምዜድ ኢኤስ 250/2፣ ሆንዳ ሲ72 ድሪም እና የእንግሊዙ ቬሎሴት ኤልኢ (ይሄኛው 192 ሲሲ ብቻ ነው)። አምስቱም በዘመናቸው የተሠሩት ለአንድ ዓይነት ሰው ነው። መኪና ለመግዛት እጅ ላጠረው፣ ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦና ሻንጣ ጭኖ ዘመድ ጠይቆ ለሚመለስ ሰው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የኔን አቋም ከአሁኑ ልንገራችሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ በፈረስ ጉልበት መምረጥ ጊዜ ማባከን ነው። ከኤልኢ በቀር ሁሉም ከ17 እስከ 20 ፈረስ ጉልበት ያላቸው ናቸው፣ መንገድ ላይ ያን ያህል ልዩነት አይታያችሁም። ልዩነቱ የሚታያችሁ ሞተሩ ጋራዥ ሲገባ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

አሮጌ ሞተር ላይ የግዢው ዋጋ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መለዋወጫው ዛሬም ይሠራል ወይ፣ አካባቢያችሁ ውስጥ የሚያውቀው መካኒክ አለ ወይ፣ እናንተስ ብሎን መፍታት ትወዳላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብሎን መፍታት የማትወዱ ከሆነ ከአምስቱ ሁለቱን አሁኑኑ ሰርዟቸው። የትኞቹ እንደሆኑ እያነበባችሁ ይገባችኋል።

ቀጥሎ፣ ሞተሩ ለሚሰጠው ጉልበት ምን ያህል ይደክማል? ለዚህ ካታሎግ ላይ የማይጻፍ፣ ግን ማንም በስልኩ ሊያሰላው የሚችል ቁጥር አለ። የፒስተን አማካይ ፍጥነት ይባላል። ፒስተኑ የሚመላለስበትን ርዝመት በሜትር ውሰዱ፣ በሁለት አባዙት፣ በደቂቃ ዙሩ አባዙት፣ ለ60 አካፍሉት። በሴኮንድ ስንት ሜትር እንደሚሮጥ ይነግራችኋል። ሙሉ ጉልበታቸውን በሚሰጡበት ዙር ላይ አር27 ወደ 16.8፣ ሆንዳው 14.4፣ ኤንኤስዩው 14.3፣ ኤምዜዱ 12 አካባቢ ነው። ልብ በሉ፦ በእርጋታው የሚወደሰው ቢኤምደብልዩ ከአራቱ በጣም የሚሮጥ ፒስተን ያለው ነው! ስሙ ሌላ፣ ሒሳቡ ሌላ።

ሦስተኛው ጉልበቱ የኋላ ጎማ ጋ በምን ይደርሳል የሚለው ነው፤ በሰንሰለት ወይስ በዘንግ። ዘንጉ አገር ቤት መካኒኮች ትራስሚሲዮን የሚሉት ነው። ሰንሰለት ይላላል፣ ይቆሽሻል፣ ግን በርካሽ ይቀየራል። ዘንግ ዓመታት ዝም ይላል፣ የተበላ ቀን ግን ኪስ ያራቁታል። ከዚህ መሃል ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛ መንገድ አለ፣ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ሰንሰለት። ኤምዜድ ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ማስነሻና መብራትም አለ። ከአምስቱ 12 ቮልት እና የኤሌክትሪክ ማስነሻ ያለው ሆንዳው ብቻ ነው። ሌሎቹ 6 ቮልት ናቸው። ባለ 6 ቮልት የፊት መብራት ይዞ በጨለማ ጫካ ውስጥ መንዳት ጸሎት ይፈልጋል፤ ቀን ቀን ብቻ የምትነዱ ከሆነ ግን ነገሩን አታክብዱት።

ስለ ተራራም አንድ ነገር ልበል፣ የአውሮፓ ክላሲክ ነጂ ሁሉ ሕልሙ አልፕስ ነውና። የኦስትሪያው የግሮስግሎክነር መንገድ ሆክቶር የሚባለው ቦታ ላይ 2,504 ሜትር ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይራቅም። እዚያ ላይ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ 18 የነበረው 14 ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ ለአየሩ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ማንኮራፋት ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ አዋሽ በሞተር የወረደ ሰው ነገሩን ከሌላው ጫፍ ያውቀዋል፣ እየወረዱ ሲሄዱ ሞተሩ ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ ሁለት ሰው ከነሻንጣው ጭናችሁ ተራራ ልትወጡ ካሰባችሁ በየትኛውም 250 ላይ ሁለተኛ ማርሽ ጓደኛችሁ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ትልቅ ሞተር ይግዛ።

የወረቀቱ ጉዳይ፣ ባጭሩ

ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት ያለፈው ተሽከርካሪ የምርመራውን መስፈርት ካሟላ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ኤች ያለበት የክላሲክ ታርጋ ማውጣት ይችላል። ሁሉም ሰው ይህን ታርጋ ይፈልጋል። ለ250 ግን ሒሳቡ አይገጥምም። በዚህ ታርጋ የሞተር ሳይክል የዓመት ግብር ቁርጥ 46.02 ዩሮ ነው። በተራው ታርጋ ደግሞ በየ25 ሲሲው 1.84 ዩሮ ነው የሚከፈለው፤ ለ250 ሲሲ 18.40 ዩሮ ይመጣል። ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ሳይክል የከተማው የአየር ብክለት ተለጣፊ ስለማይጠየቅ በዚያ በኩልም የሚያተርፈው ነገር የለም። ለጌጥ ካላማራችሁ በቀር ተራው ይበቃል።

እንግሊዝ ያላችሁት ተሽላችኋል። 40 ዓመት ያለፈው ተሽከርካሪ እንደ ታሪካዊ ሲመዘገብ የመንገድ ግብር አይከፍልም፣ የዓመት ምርመራም አይገደድም፣ የለንደን የብክለት ክፍያም አይነካውም። ምርመራው ግዴታ አይደለም ማለት ፍሬናችሁን አታሳዩ ማለት ግን አይደለም፣ እባካችሁ።

መንጃ ፈቃድ ላይ ደግሞ ጀርመን ውስጥ በመኪና ፈቃድ ላይ የሚጨመረው የ125 ሲሲ ፈቃድ ለነዚህ አይሠራም። ለአምስቱም ኤ2 የሚባለው የሞተር ሳይክል ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቢኤምደብልዩ አር27

ከ1960 እስከ 1966 ተሠራ፣ በድምሩ 15,364። ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፣ 247 ሲሲ፣ የፒስተኑ ስፋትም ምልልሱም እኩል 68 ሚሊ ሜትር። በ7,400 ዙር 18 ፈረስ ጉልበት ይሰጣል፣ 162 ኪሎ ይመዝናል፣ እስከ 130 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ጉልበቱ ኋላ የሚደርሰው በዘንግ ነው።

የአር27 ብልሃት ያለው ጎማው ላይ ነው። የሚሽከረከረውን ጎማ ማለቴ አይደለም፤ ሞተሩ ከሻንሲው ጋር የተያያዘባቸውን የላስቲክ ትራሶች ማለቴ ነው። ትልቅ አንድ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ የሚፈጥረውን ንዝረት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። መሐንዲሶቹ ማጥፋቱን ትተው እጃችሁና እግራችሁ ጋ እንዳይደርስ አደረጉት። ቆሞ ሲሠራ ካያችሁት ሞተሩ ሻንሲው ውስጥ ሲወዛወዝ ይታያችኋል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ፣ እንዲያ ነው የተፈጠረው። መንገድ ላይ ግን ለስላሳ ነው፣ እውነት ለመናገር ከአንድ ሲሊንደር የማይጠበቅ ልስላሴ።

ፊት ለፊቱ ደግሞ በእንግሊዛዊው ኧርኒ ኧርልስ ስም የሚጠራው ፎርክ አለ። ፍሬን ስትይዙ እንደ ተራው ፎርክ ወደ ፊት አይደፋም፣ እንዲያውም ትንሽ ቀና ይላል። መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ከኋላ ሰው ስትጭኑና የጎን ጋሪ ስትገጥሙ ግን ጥቅሙ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ከሱ በፊት የነበረው አር26 (1956 እስከ 1960፣ 30,236 ተሠርቷል) በ6,400 ዙር 15 ፈረስ ብቻ ነበረው። ከዚያው ሞተር ተጨማሪ 3 ፈረስ የተገኘው በአብዛኛው ሺህ ዙር በመጨመር ነው። የተጨመረውን ዙር ደግሞ የሚሸከመው ኩሽኔታውና ቢዬላው ነው። አር27 ገዝታችሁ እንደ አዲስ ሞተር ሙሉ ጋዝ ይዛችሁ አውቶባን ላይ ብትውሉ የክራንኩ ጥገና የሚያስወጣችሁ ገንዘብ የበጋ ዕረፍታችሁን ይበላዋል። በ85 እና በ90 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁት ግን ዕድሜ አለው። አር26 ለሞተሩ ይቀላል፣ በሰውነታችሁ ላይ ግን ይነዝራል፣ የላስቲክ ትራሱ የለውምና። እኔ ብሆን ለረጅም መንገድ አር27ን መርጬ ቀስ ብዬ እነዳዋለሁ።

መለዋወጫው በሙሉ ይገኛል ማለት ይቻላል፣ በቢኤምደብልዩ ዋጋ። ስትገዙ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ናቸው። ካልገጠመ ሊሠራ ይችላል፣ ዋጋው ግን መውረድ አለበት።

ኤንኤስዩ ማክስ

ኤንኤስዩ ዛሬ የለም። የኔካርሱልም ፋብሪካው አሁን አውዲ የሚሠራበት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች ነበር። ማክስ ከ1952 እስከ 1963 ተሠራ፣ የመጨረሻው ሱፐርማክስ ይባላል። 247 ሲሲ፣ 69 በ66 ሚሊ ሜትር፣ 17 ፈረስ በ6,500 ዙር፤ ሱፐርማክሱ 18።

ከአምስቱ በምህንድስና ልቤን የሚሰርቀው ይሄ ነው። ቫልቮላ የሚከፍተው ካም ሲሊንደሩ አናት ላይ ነው፤ ችግሩ እዚያ ድረስ ዙሩን በምን ታደርሱታላችሁ የሚል ነው። ሰንሰለት ይላላል። ጥርሳም ማርሽ ውድ ነው፣ ሲገጠምም ጥንቃቄው አያድርስ። የኤንኤስዩ መሐንዲስ አልበርት ሮደር ሁለቱንም ተወና ሁለት ቀጫጭን ዘንጎችን ተጠቀመ። ታች ያሉት ከመሃላቸው ፈቅ ብለው የተሠሩ ክቦች ሲዞሩ ዘንጎቹን ይገፋሉ፣ ይስባሉ፤ ላይ ያሉት ክቦች ደግሞ ያንን ተቀብለው ካሙን ያዞሩታል። የድሮ የእንፋሎት ባቡር ጎማዎችን የሚያያይዘውን ዘንግ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ኡልትራማክስ ብለው ሰየሙት። የሚላላ ሰንሰለት የለም፣ ድምፁም ትንሽ ነው፣ ዘይቱን በጊዜው የሚቀይርለት ሰው ካገኘ እጅግ ይቆያል። ከዚሁ ማክስ የተወለደው ስፖርትማክስ በ1955 በሃንስ ፔተር ሙለር ነጂነት የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮና አሸንፏል። ለሽርሽር የተሠራ ሞተር መሠረቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር ከዚህ ገምቱ።

ሻንሲው ቱቦ አይደለም፣ በማተሚያ ተጨፍልቆ የተሠራ ቆርቆሮ ነው። ርካሽና ጠንካራ ነበር፣ ለዛሬ ገዢ ግን ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ከላይ የተቀባው ቀለም ምንም አይነግራችሁም። ባትሪና ማዕዘን አካባቢ በጣታችሁ ጫን ጫን እያላችሁ እዩት። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል።

ችግሩ መካኒክ ነው። ይህን የካም ዘንግ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ ጎበዞችም ናቸው፣ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ወረፋቸውም ረጅም ነው። የሰፈሩ የጃፓን ሞተር ጋራዥ ይህን ይፈታዋል ብላችሁ አትመኑ። ፈትቶ በሳጥን ይመልስላችኋል። ራሳችሁ የጥገና መጽሐፉን ይዛችሁ የምትታገሉ ከሆነ ግን ለገንዘባችሁ ከዚህ የተሻለ ሞተር አታገኙም። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከአር27 በታች ነው፤ ለምን እንደሆነ ከስሙ በቀር ምክንያት አይታየኝም።

ኤምዜድ ኢኤስ 250/2

የምሥራቅ ጀርመን ልጅ። በቾፓው ከተማ ከ1967 እስከ 1973 የተሠራ፣ ባለ ሁለት ምት (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ ሥራውን የሚጨርስ)፣ 243 ሲሲ (69 በ65 ሚሊ ሜትር)፣ መጀመሪያ 17.5 በኋላ 19 ፈረስ ጉልበት። ትሮፊ የሚለውን ተጨማሪ ስም ያገኘው በፋብሪካው ሞተሮች የተወዳደረው የምሥራቅ ጀርመን ቡድን ከ1963 እስከ 1967 በተከታታይ ከአስፋልት ውጭ የሚደረገውን ዓለም አቀፍ የስድስት ቀን ውድድር ዋንጫ በመውሰዱ ነው።

መልኩን መጀመሪያ የሚያይ ሰው ይስቃል። የፊት መብራቱ ከመሪው ጋር አይዞርም፣ ከታንከሩ ጋር ተያይዞ ቀጥ ብሎ ያያል። መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩ መብራቱ ወደ ፊት ማየቱን ይቀጥላል! ፓራፋንጎው ሰፊ፣ ወንበሩ ወፍራም፣ ሁለመናው ደብደብ ያለ። ግን ቁጭ ብላችሁ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ከነዳችሁት በኋላ መሳቁ ይቀራል። የፊቱም የኋላውም ማንጠልጠያ በረጅም ክንድ የሚሠራ ስለሆነ ጉድጓድ አያስደነግጠውም። ሞተሩም እንደ አር27 በላስቲክ ላይ ነው የተቀመጠው።

ቅድም ያልኩት የተሸፈነ ሰንሰለት እዚህ ነው ያለው። ሰንሰለቱ ከሞተሩ እስከ ኋላ ጥርስ ድረስ በሁለት የላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይሄዳል። አቧራ አይነካው፣ ዝናብ አይነካው። ቅባቱ እዚያው ስለሚቆይ ክፍት ከሆነ ሰንሰለት ብዙ እጥፍ ይቆያል። የዘንግን ንጽህና በሰንሰለት ዋጋ ሰጧችሁ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሌሎች አምራቾች ይህን የላስቲክ ቱቦ ለምን እንዳልቀዱት እስካሁን አይገባኝም።

ሞተሩ ውስጥ ቫልቮላ የለም፣ ካም የለም። ቀን ሙሉ ተቀምጦ አንድ ሰው በተራ መፍቻ ሊያወርደው ይችላል። ፒስተኑም ቀስ ብሎ ነው የሚሮጠው። በምላሹ የምትከፍሉት አለ፤ ቤንዚን ከባለ አራት ምቶቹ የበለጠ ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር እየለካችሁ መቀላቀል አለባችሁ። ለ10 ሊትር ቤንዚን በ1 ለ50 ልኬት 200 ሚሊ ሊትር፣ በ1 ለ33 ደግሞ 300 ሚሊ ሊትር ነው። የእናንተ ሞዴል የትኛውን እንደሚፈልግ መጽሐፉ ላይ እዩ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዙልኝ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ጋዙን ዘግታችሁ ሞተሩን እንደ ፍሬን ስትጠቀሙበት፣ ቤንዚን የለም ማለት ዘይትም የለም ማለት ነው፤ ዙሩ ግን ከፍተኛ ነው። ፒስተን የሚነክሰው (ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረው) እንዲህ ሲሆን ነው። በየመሃሉ ጋዙን ትንሽ ትንሽ ክፈቱለት። ሞተሩ ራሱ ብዙም ስለማይይዝ ደግሞ ጭነቱ በሙሉ በታምቡር ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ አልፕስ ስትወርዱ ፍሬኑ ሳይግል ቆማችሁ አሳርፉት።

ሌላው የታወቀ ሕመሙ የክራንኩ ጎማ ማኅተሞች ማርጀት ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ዘይት መሳብ ከጀመረ ጭሱ ነጭና ወፍራም ይሆናል፣ ሞቆም አይለቅም። ማኅተሙ ርካሽ ነው፣ ጉልበቱ ግን አለ። መለዋወጫ እንደ ልብ ነው፣ በተለይ በምሥራቅ ጀርመን። አር27 ብዙ ጊዜ የዚህን እጥፍ ዋጋ ይጠራል።

ሆንዳ ሲ72 ድሪም

የ1960ዎቹ መጀመሪያ። አሜሪካ ያላችሁ ሲኤ72 በሚለው ስሙ ነው የምታገኙት። ሁለት ሲሊንደር፣ 247 ሲሲ፣ ፒስተኖቹ 54 በ54፣ ካሙ አናቱ ላይ፣ 20 ፈረስ በ8,000 ዙር። ቢኤምደብልዩውም ሆንዳውም ስፋትና ምልልሳቸው እኩል ነው፤ አንዱ ሥራውን በአንድ ትልቅ ፒስተን ሠራው፣ ሌላው በሁለት ትንንሽ። ትንሽ ፒስተን አጭር መንገድ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ብዙ ዙር እየሠራ እንኳ ከአር27 ያነሰ ነው የሚደክመው። የጃፓኖቹ መንገድ በኋላ ዓለምን ያሸነፈው በዚህ ነው።

ቁልፍ አዙራችሁ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ይነሳል። በቃ። 12 ቮልት፣ የተሸፈነ ሰንሰለት፣ ዘይት የማያንጠባጥብ ሞተር። ለመንዳት ከአምስቱ በጣም ቀላሉ ይሄ ነው፣ ክላሲክ ነድቶ ለማያውቅም አያስቸግርም።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው አይገዛውም? ቆርቆሮው። ሻንሲው እንደ ኤንኤስዩ የተጨፈለቀ ብረት ነው፣ ይዝጋል። የሞተር ዕቃ ይገኛል፤ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ የጎን ሽፋን፣ ጌጡ ሁሉ ግን ሲጠፋ ፍለጋው ወራት ይፈጃል፣ የተገኘም ቀን ዋጋው ያስደነግጣል። አውሮፓ ውስጥ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን ስትገዙ ሕጉ አንድ ነው፦ ሞተሩ ቢሞትም አካሉ የተሟላውን ግዙ፣ ሞተሩ እየሠራ አካሉ የጎደለውን ተዉት።

ቬሎሴት ኤልኢ

በ1948 በ149 ሲሲ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ 192 ሲሲ ሆነ። በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሁለት ሲሊንደሮች፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ በዘንግ የሚነዳ። ለ8 ፈረስ ጉልበት ይህ ሁሉ! የእንግሊዝ ፖሊሶች ለሰፈር ቅኝት የተጠቀሙበት ድምፁ ስለማይሰማ ነው። የመጀመሪያዎቹ በእጅ በሚሳብ ዘንግ ነው የሚነሱት፣ ማርሻቸውም በእጅ ነው፤ ከ1958 ጀምሮ ያሉት በእግር ናቸው።

80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ጣሪያው ነው። ሁለት ሰው ከነሻንጣ? ተዉት። አውቶባን? በፍጹም። እንግሊዝ ገጠር ውስጥ በትንንሽ መንገድ ለብቻ መንሸራሸር ለሚወድ፣ ጊዜም ላለው ሰው ግን ደስ የሚል ነገር ነው፣ ዋጋውም አይከብድም። ከእንግሊዝ ውጭ ግን አልመክርም፣ የሚያውቀው ሰው አይገኝም።

በአንድ እይታ

| | አር27 | ማክስ | ኢኤስ 250/2 | ሲ72 | ኤልኢ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሞተር | 1 ሲሊንደር፣ ባለ 4 ምት | 1 ሲሊንደር፣ ካሙ አናት ላይ | 1 ሲሊንደር፣ ባለ 2 ምት | 2 ሲሊንደር፣ ካሙ አናት ላይ | 2 ሲሊንደር፣ ባለ ውሃ |
| ሲሲ | 247 | 247 | 243 | 247 | 192 |
| ፈረስ ጉልበት | 18 | 17–18 | 17.5–19 | 20 | 8 ገደማ |
| ወደ ኋላ ጎማ | ዘንግ | የተሸፈነ ሰንሰለት | በቱቦ ውስጥ ያለ ሰንሰለት | የተሸፈነ ሰንሰለት | ዘንግ |
| ቮልት | 6 | 6 | 6 | 12 | 6 |
| ሁለት ሰው ከነሻንጣ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | አይሆንም |
| መለዋወጫ | አለ፣ ውድ | አለ፣ ፍለጋ ይጠይቃል | እንደ ልብ፣ ርካሽ | የአካሉ ከባድ | እንግሊዝ ውስጥ አለ |
| በራስ መጠገን | መካከለኛ | ከባድ | ቀላል | መካከለኛ | መካከለኛ |
| የግዢ ዋጋ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | እንደ ይዞታው | ዝቅተኛ |

ታዲያ ለማን የትኛው?

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነና መንገድ መሄድ እንጂ ማሳየት ካልፈለጋችሁ ኤምዜድ ግዙ። ብዙ አታስቡ። ከኋላ የምትቀመጠው ባለቤታችሁ በጭሱ ብታማርር እንኳ በወንበሩ አታማርርም። የጎን ጋሪ ገጥማችሁ ልጅ ልታስቀምጡ ካሰባችሁም ኤምዜድ ወይም አር27 ነው።

ገንዘብ አለን፣ ጊዜ የለንም የምትሉ አር27 ውሰዱ። ስትሸጡትም ገንዘባችሁ ብዙ አይጎድልም። አንድ ልመና ብቻ፦ ሙሉ ጋዝ አትያዙ።

በእጃችሁ መሥራት የምትወዱ፣ ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ማሳለፍ የሚያስደስታችሁ ማክስ ነው የሚገባችሁ። ለምሕንድስናው ስል እኔም ወደዚህኛው ነው የማደላው።

እግራችሁ ወይም ጉልበታችሁ ሞተር በርግጫ ለማስነሳት የማይመች ከሆነ፣ ወይም አብሯችሁ የሚነዳው ሰው ጀማሪ ከሆነ ሆንዳው። አሜሪካ ላላችሁትም ከአምስቱ በቅርብ የምታገኙት እሱን ነው። ኤልኢ ለማን እንደሆነ ቅድም ተናግሬአለሁ።

ለማየት ስትቀጣጠሩ ደግሞ ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው በስልክ ንገሩት። ስትደርሱ ሲሊንደሩን በእጃችሁ ንኩት፤ ሞቆ ካገኛችሁት ቀዝቅዞ እንዴት እንደሚነሳ ሊደብቃችሁ ፈልጓል፣ እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጡ። ከዚያ አስነሱትና አምስት ደቂቃ ሳይነዳ ይሥራ። ጭሱን እዩ፣ መብራቱ ዙር ሲጨምር ይደምቅ እንደሆነ እዩ (ዲናሞው ካልሠራ አይደምቅም)፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ማርሽ አስገቡ። በመጨረሻ ንዱትና ስትመለሱ ከቆመበት ሥር መሬቱን ተመልከቱ። አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ለዚህ ዕድሜ ይፈቀዳል። ኩሬ ከሠራ ግን ዋጋ ተከራከሩ ወይም ወደ ቤታችሁ ሂዱ።